ከመሠረቱ በታች ምን አለ? ስለ አፈርና ስለ ተዳፋት ለላካችሁት ጥያቄ መልስ

ባለፈው እትም «ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ ስለ መሬታችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጠየቃችሁ። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ግን ሲጨመቅ «መሬቴ ጥሩ ነው ወይ?» የሚል ነው። ይህን ሳላይ መመለስ አልችልም። አይቼም ቢሆን ሳይቆፈር አልመልስም። የአፈር መሐንዲስ ነኝ፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው። ላዩን ብቻ ረገጥ ረገጥ አድርጎ «ይሄማ ምርጥ መሬት ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ስለዚህ የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ራሳችሁ አይታችሁና ለክታችሁ ልትደርሱበት የምትችሉትን፣ ወይም ባለሙያውን አፋጣችሁ ልትጠይቁት የሚገባውን የሚነኩ ናቸው። መልሶቼ ውስጥ አንድ ነገር ይመላለሳል፤ ቀድሜ ልናገረው። ቤት ሁሉ ትንሽ ይሰምጣል። የሚሰነጠቀው አንዱ ጥግ ከሌላው ተለይቶ የሰመጠው ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ኢንጂነር። የገዛሁት ቦታ አፈሩ ጥቁር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ግንበኛው «አንድ ሜትር ቆፍረን በድንጋይ እንሞላዋለን፣ አታስቢ» ይለኛል። ላስብ ወይስ አላስብ?

መልስ፦ ያስቡ እንጂ!

የገለጹልኝ አፈር ዋልካ ነው፤ መረሬ የሚሉትም አሉ። በዋልካ ላይ ቤት አይሠራም ያለ ሰው የለም። ይሠራል። ግን እንደ ሌላው አፈር አይደለም።

ዋልካ ውስጥ ያለው ሸክላ እጅግ ደቃቅ ነው፤ የአንዱ ቅንጣት መጠን ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል። እያንዳንዱ ቅንጣት ደግሞ የስስ ንጣፎች ድርድር ነው። ውሃ በንጣፎቹ መሃል እየገባ ያራርቃቸዋል፤ አፈሩ ያብጣል። ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል፤ እጅዎን ያስገቡበት ስንጥቅ የዚያ ውጤት ነው። ሲያብጥ የሚገፋበት ጉልበት ቀላል እንዳይመስልዎ። ፎቅ የሌለው ቤት ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ አፈሩ አሸንፎ ያነሳዋል። «ትንሽ ቤት ነው የምሠራው፣ ምርመራ ምን ያደርግልኛል» የሚለኝን ሰው የምከራከረው ለዚህ ነው። ከባዱ ሕንፃ አፈሩን በክብደቱ ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ቀላሉ ቤት ግን አቅም የለውም።

አሁን ከቤቱ ሥር ያለውን ይመልከቱ። መሃሉ በወለል ተሸፍኗል፤ ዝናብም ፀሐይም አያገኘውም። ዳር ዳሩ ግን በክረምት ይርሳል፣ በበጋ ይደርቃል። ዳሩ ሲነሳ ሲወርድ መሃሉ ባለበት ይቆያል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚሄደው ስንጥቅ ከዚህ ይመጣል። በክረምት አልዘጋ ብሎ በበጋ ራሱን የሚያስተካክለው በርም እንደዚሁ። (አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው አናጢው ነው። እርግጥ እንጨትም ሲረጥብ ያብጣል። የብረት በርም እንደዚያ ካደረገ ግን አናጢውን ተዉት።)

እቤትዎ የሚሠሩት ሙከራ አለ። ከአንድ ሜትር ያህል ጥልቀት አፈር ይውሰዱ። በደንብ ያድርቁት፣ ይውቀጡት፣ በደቃቅ ወንፊት ይንፉት። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ምልክት የተደረገበት ቀጭን የላቦራቶሪ መለኪያ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው፣ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ ዱቄቱን ቀስ እያሉ ይነስንሱበት። 24 ሰዓት ሳይነኩት ይቆይ። 10 የነበረው አፈር 15 ካልደረሰ ብዙም አያሳስብም። 20 ካለፈ ነገሩ የምር ነው። ፍሪ ስዌል ይሉታል፤ ላቦራቶሪም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሙሉውን ምርመራ አይተካም፤ ምርመራ ያስፈልገኛል ወይስ አያስፈልገኝም የሚለውን ክርክር ግን ይዘጋል።

የግንበኛው ሐሳብ ችግሩ «አንድ ሜትር» የሚለው ላይ ነው። አንድ ሜትርን ከየት አመጣው? አፈሩ በየወቅቱ የሚረጥብበትና የሚደርቅበት ጥልቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በበጋው ማብቂያ ጉድጓድ ያስቆፍሩና ስንጥቁ እስከየት እንደሚወርድ በግድግዳው ላይ ይዩ። ጓሉን ሰብረው ገጹን ይመልከቱ፤ እንደተወለወለ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር እርስ በርሱ እየተፋተገ የኖረ ነው። ያ የሚታይበት ጥልቀት ሁሉ ይንቀሳቀሳል ብለው ይውሰዱት። አንድ ሜትር ቆፍረው ስንጥቁ ሁለት ሜትር ከወረደ፣ ድንጋይዎን ያስቀመጡት በሚነሳና በሚወርድ አፈር ላይ ነው።

የዋልካው ንብርብር ስስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ከሥሩ ያለው ጠንካራ መሬት ላይ መቀመጥ ነው፤ ከዚህ የሚሻል የለም። ወፍራም ከሆነ ምርጫው ይበዛል። ከሚንቀሳቀሰው ንብርብር በታች የሚወርድ ፓይል (ወደ ጥልቅ የሚወርድ የአርማታ ምሰሶ) ወይም ጥልቅ ፉቲንግ (ኮለኑ የሚያርፍበት ሰፊ የአርማታ እግር) አለ፤ ያኔ ግሬድ ቢሙ (ግድግዳውን የሚሸከመው አግዳሚ አርማታ) አፈሩን እንዳይነካ ከሥሩ ክፍተት ይተውለታል፣ አለዚያ ሲያብጥ ቢሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ወይም ቤቱ በሙሉ አንድ ላይ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርግ ወፍራም የአርማታ ወለል አለ። የትኛው ለእርስዎ እንደሚስማማ የሚወስነው ቦታውን ያየ መሐንዲስ ነው።

የቆፈሩትን በድንጋይና በአሸዋ ብቻ እንዲሞላ ግን አይፍቀዱ። ክፍተቱ ብዙ ስለሆነ ውሃ በቀላሉ ይገባዋል፤ ዙሪያው ዋልካ ስለሆነ ደግሞ አይወጣም። ከቤትዎ ሥር ገንዳ ሠሩ ማለት ነው። ገረጋንቲም ቢሆን እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ንጣፍ እየተነጠፈ፣ ልክ ያለው ውሃ እየጠጣና እየተጠቀጠቀ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ከዚያ የቤቱን ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው፣ ወደ ውጭ በሚያዘነብል ሲሚንቶ ይከድኑ፤ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስበው ያርቁ። ዋልካ ላይ ለአሸንዳ መሰሰት መሠረቱን ማዳከም ነው።

ዛፍ ካለም ይጠንቀቁ። ባሕር ዛፍን የመሰለ ውሃ ጠጪ ዛፍ አፈሩን ከሥር ያደርቀዋል። አድጎ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤቱ ቢርቅ እመርጣለሁ። «እንግዲያው ቆርጬው ልሥራ» ቢሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዛፉ ሲያደርቀው የኖረው ዋልካ ከተቆረጠ በኋላ ውሃውን እየመለሰ ለዓመታት ቀስ እያለ ያብጣል። ዛፍ በተቆረጠ ማግስት እዚያው ላይ መሠረት ማውጣት አይመከርም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ምንም ሳያስመረምር ሠርቶ ቤቱ ይኸው ቆሟል። እኔ ለምን ገንዘቤን ጉድጓድ ውስጥ እጥላለሁ? ደግሞስ ስንት ሜትር ነው የሚቆፈረው?

መልስ፦ የጎረቤትዎ ቤት የቆመው በጎረቤትዎ መሬት ላይ ነው። አፈር የአጥርን መስመር አያውቅም፤ በዐሥር ሜትር ርቀት ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። የተቀበረ የድሮ ወንዝ መውረጃ፣ የተሞላ የድንጋይ ካባ፣ የቆሻሻ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። የጎረቤትን ቤት ማየት ግን ጥሩ ነው። አጥሩን፣ የውጭውን ግድግዳ ማዕዘን፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘውን ደረጃ ይመልከቱ። ደረጃው ከቤቱ ለየት ብሎ ከተላቀቀ አፈሩ እየተናገረ ነው።

ለመደበኛ መኖሪያ ቤት ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ እመርጣለሁ፤ ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ ባይውሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሦስት ነጥብ ጠንካራው ንብርብር ወደየት እንደሚያዘነብል ይታወቃል፤ በአንድ ጉድጓድ የሚያውቁት የዚያን ጉድጓድ ብቻ ነው። ፉቲንግ ከሚያርፍበት ነጥብ ላይ ግን አይቆፍሩ፤ የተፈታ አፈር ላይ ኮለን ሊያቆሙ ነው።

ጥልቀቱን የሚወስነው የፉቲንጉ ስፋት ነው። አራት ማዕዘን ፉቲንግ የሚያሳርፈው ጫና ከሥሩ ወደ ታች የስፋቱን ሁለት እጥፍ ያህል ወርዶ ነው ወደ አንድ ዐሥረኛ የሚቀንሰው። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ሆኖ በአንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ከተቀመጠ፣ እስከ 4.5 ሜትር ድረስ ያለው አፈር ቤቱን ያውቀዋል። ይህን ሁሉ በአካፋ መውረድ ግዴታ አይደለም፤ የተወሰነውን ቆፍሮ ከዚያ በታች ያለውን በእጅ መሰርሰሪያ መፈተሽ ይቻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ግድግዳው በእንጨት ያልተደገፈ ጉድጓድ ከወገብ በላይ ከጠለቀ ሰው አያስገቡበት። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ወደ 1.8 ቶን ይመዝናል። ሲደረመስ ለመጮህም ጊዜ አይሰጥም። የወጣውን አፈር ደግሞ ከአፉ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀው ይከምሩ። የቀን ሠራተኛው «ለምጄዋለሁ» ቢልዎትም አይስሙት።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚታየውን በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሱ። ወጥ ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም ውሃ እንደማይተኛበት ያመለክታል። ግራጫ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ ያለበት ንብርብር ካዩ፣ ዛሬ ደረቅ ቢሆንም ውሃ በየወቅቱ እስከዚያ ይወጣል። ፌስታል፣ የጡብ ስባሪ፣ ከሰል ካገኙ መሬቱ ተፈጥሯዊ አይደለም፤ ሙሌት ነው። ጥቁር ሆኖ የሚሸት፣ የበሰበሰ ሥርና ቅጠል ያለበት ንብርብር ላይ ምንም አይቀመጥም፤ ይነሳል። ረጠብ ያለውን አፈር በመዳፍዎ እያንከባለሉ ያቅጥኑት። 3 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ሳይበጣጠስ ከቀጠነ ሸክላ አለበት፤ ገና ሲነኩት ከተበተነ አሸዋ ወይም ደለል ነው። ከዚያ ጉድጓዱን ከድነውና አጥረው ያሳድሩት፤ ጠዋት ውሃ ካቆረ ቁመቱን ይለኩ።

ጥያቄ፦ ቦታዬ ተዳፋት ነው። ላይኛውን ቆርጠን በተቆረጠው አፈር ታችኛውን ሞልተን ደልዳላ ልናደርገው ነው። ግማሹ ቤት በቁርጡ፣ ግማሹ በሙሌቱ ላይ ይውላል። ንድፉ አልቋል። ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ያለቀው ንድፉ ብቻ ከሆነ ደስ ይበልዎ። ወረቀት ይቀደዳል።

የነገሩኝ አሠራር በተዳፋት ላይ ከማያቸው ሁሉ የምጠላው ነው። ቁርጡ ስፍር ቁጥር ለሌለው ዘመን በላዩ የነበረውን አፈር ተሸክሞ የጠነከረ መሬት ነው። ሙሌቱ ትናንት የተደፋ ነው። ሁለቱ እኩል አይሰምጡም፤ አይችሉም። መለያያ መስመራቸው ደግሞ በቤትዎ ወገብ ላይ ነው የሚያልፈው። ስንጥቁ የት እንደሚወጣ ቤቱ ሳይሠራ በእርሳስ አስምሬ ላሳይዎት እችላለሁ።

መውጫው ብዙ ነው። ቤቱን በሙሉ ወደ ቁርጡ ስቦ ሙሌቱን ለግቢ መተው አንዱ ነው። ቤቱን እንደ ተዳፋቱ በደረጃ ከፋፍሎ ማውረድ ሌላው ነው፤ ቁፋሮውንም ይቀንሳል። የግድ ሙሌቱ ላይ መውጣት ካለበት፣ በዚያ በኩል ያሉት ኮለኖች ሙሌቱን አልፈው ጥንት የነበረው ጠንካራ መሬት ላይ ይረፉ። ሙሌቱም ዝም ብሎ አይደፋም። መጀመሪያ ሣሩና ለም አፈሩ ይነሳል፤ ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከዚያ በስስ ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ሣር ላይ የተደፋ ሙሌት ዝናብ ሲመጣ በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል።

ተዳፋቱን ለክተውታል? ባለሙያ ሳይጠሩ ይለኩት። ሁለት ችካል በአግድም ልኬት 10 ሜትር አራርቀው ይትከሉ። ግልጽ ጎማ ውሃ ሞልተው፣ አየር እንዳይቀርበት አድርገው ሁለቱን ጫፎች በችካሎቹ ላይ ያቁሙ። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ከውሃው እስከ መሬት ያለውን በሁለቱም በኩል ይለኩና ልዩነቱን ይውሰዱ። ልዩነቱ 2 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 20 በመቶ ነው፤ በዲግሪ ወደ 11 ገደማ። በመቶና ዲግሪ ይምታታሉ፤ 100 በመቶ ማለት 45 ዲግሪ ነው። ኮንትራክተር «20 ነው» ሲልዎት «20 ምን?» ብለው ይጠይቁት።

እኔ እስከ 10 በመቶ ድረስ ብዙም አልጨነቅም። ከ25 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ጂኦቴክኒክ (የአፈርና የመሠረት ምሕንድስና) ያጠና ሰው ሳያየው አንዲት አካፋ አፈር እንዳይነሳ እላለሁ። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። እርጥብ ሸክላ ከ10 ዲግሪ ባነሰ ተዳፋት ላይም ይንሸራተታል፤ በተለይ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተንሸራቶ የሚያውቅ ከሆነ።

ተንሸራቶ ያውቅ እንደሆነስ በምን ይታወቃል? ከቦታዎ አይጀምሩ። ከላይ ከአናቱ ጀምረው እስከ ግርጌው በእግር ይሂዱበት። የዛፎቹን ግንድ ከሥራቸው ይዩ። ከሥሩ ወደ ቁልቁል ጎበጥ ብሎ ከዚያ ቀና ያለ ዛፍ ከበዛ፣ መሬቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ዛፉ ራሱን እያቃና ነው ያደገው። የመብራት ምሰሶና የአጥር ችካል ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ካዘመመ፣ ሁሉም ተከላ ላይ ተሳስተው አይደለም። ከላይ በኩል የቅስት ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ወይም ድንገት ዝቅ ያለ ጠርዝ ካለ፣ ከታች በኩል ደግሞ መሬቱ ሆዱ ከተነፋ፣ ሁለቱ የአንድ ንቅናቄ ራስና እግር ናቸው። በበጋ ሌላው ሁሉ ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ለምልሞ ካዩ ውሃ እዚያ ይወጣል። መንገዱ በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ ከተጠገነም ይጠርጥሩ። ስንጥቅ ካገኙ ከወዲህና ከወዲያ ችካል ተክለው ርቀቱን በሚሊ ሜትር ይጻፉ፤ አንድ የዝናብ ወቅት ይጠብቁ። መጠበቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከሰፋ ግን ቦታውን ይተዉት።

ተዳፋት የሚቆመው ከእግሩ ባለው ክብደት ተደግፎ ነው። ለመኪና ማቆሚያ ብሎ እግሩን የቆረጠ ሰው ድጋፉን አንስቷል። ቁፋሮውን አናቱ ላይ የከመረም ሸክም ጨምሯል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚደረጉት በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ኤክስካቫተር ነው።

ጥያቄ፦ ከቤቴ ጀርባ 3 ሜትር ቁመት ያለው የድጋፍ ግንብ እያሠራሁ ነው። ግንበኛው የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ልተውበት ሲል ባለቤቴ «ግድግዳውን ያቆሽሸዋል» ብላ ከለከለች። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ግንበኛው። ባለቤትዎን በትሕትና ያስረዱልኝ።

3 ሜትር ግንብ ከጀርባው ደረቅ ጠጠራማ አፈር ካለ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ወደ 2.7 ቶን ይገፋዋል። ከኋላው ውሃ እስከ አፉ ከሞላ ግን ውሃው ብቻውን 4.5 ቶን ይገፋል፤ የአፈሩ ግፊት ሲጨመርበት ጠቅላላው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ግንቡ የተሠራው ለመጀመሪያው ቁጥር ከሆነ ሁለተኛውን አይችለውም። የድጋፍ ግንብ ብዙውን ጊዜ በዝናብ ወቅት የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ቀዳዳ ብቻውንም አይበቃም። ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ከታች እስከ ላይ ይሙላ፤ አፈሩ ገብቶ እንዳይደፍነው በጠጠሩና በአፈሩ መሃል ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ይግባ፤ ከግርጌው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይዘርጋ። ከላይ ደግሞ የዝናቡን ውሃ ግንቡ ጋ ሳይደርስ የሚወስድ ቦይ ይሠራ። የእድፉ ነገር ቀላል ነው። የማስወጫው ቱቦ ከግድግዳው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል፤ ውሃው ግድግዳውን ሳይልስ ቦዩ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ጥያቄ፦ መሬቱ ከተሞላ ዐሥር ዓመት አልፎታል። «በራሱ ጊዜ ጠንክሯል፣ ዝናብ ሲጠቀጥቀው ኖሯል» ይሉኛል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ዝናብ አይጠቀጥቅም፤ ከላይ ያለውን ትንሽ ያረጋዋል እንጂ። ሳይጠቀጠቅ የተደፋ ሙሌት ደረቅ እስከሆነ ድረስ የቆመ ይመስላል። ቤት ተሠርቶበት፣ አንድ ቀን የውሃ ቱቦ ፈንድቶ ውስጡ ሲርስ ድንገት ይቀመጣል። ምን እንደተሞላም አይታወቅም። ረጅም ፌሮ ብረት በመዶሻ እየመቱ ብዙ ቦታ ላይ ይሞክሩ። አንድ ቦታ ላይ በችግር፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ ሰተት ብሎ ከገባ መልሱን አግኝተዋል። ሙሌቱ ይነሳ፣ ወይም መሠረቱ አልፎት ይውረድ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ለወላጆቼ ቤት ላሠራላቸው ነው። የአፈር ምርመራ አስደርጌ ወፍራም ሪፖርት ሰጡኝ። ከሁሉም የገባኝ «የመሸከም አቅም 150 ኪሎ ፓስካል» የሚለው ነው። ደህና ነው?

መልስ፦ ጋሼ ካልከኝ አንተ ልበልህ። ማስመርመርህ ጥሩ አድርገሃል።

150 ኪሎ ፓስካል ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 15 ቶን ነው። አንድ ኮለን 30 ቶን ካሳረፈ 2 ካሬ ሜትር ፉቲንግ ይፈልጋል፤ በአንድ ሜትር ከ40 ገደማ በአንድ ሜትር ከ40። ለመኖሪያ ቤት ክፉ ቁጥር አይደለም። ግን ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርህም። በስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ነው 150 የሆነው? ምን ያህል ስፋት ላለው ፉቲንግ? እነዚህ ሁለቱ ከቁጥሩ አጠገብ ከሌሉ መልሰህ ጠይቅ።

ከዚያ የጉድጓዶቹን ካርታ አውጣ። ጉድጓዶቹ ቤቱ በሚያርፍበት ላይ ወይም አጠገቡ ናቸው? ወይስ መኪናው በቀላሉ በሚገባበት በር ላይ? ይህ ያጋጥማል። የከርሰ ምድር ውሃ ስንት ሜትር ላይ ተገኘ? በየትኛው ወር? በበጋ የተለካ ከሆነ በክረምት ከፍ ይላል።

«ኤን» የሚል ዓምድ ታያለህ። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ የናሙና መውሰጃውን ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር ለማስገባት የወሰደው የምት ብዛት ነው። አሸዋ ከሆነ ከ10 በታች ልል፣ ከ30 በላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሸክላ ከሆነ ከ4 በታች ለስላሳ ነው። አንተ ማየት ያለብህ በአንድ ጥልቀት ላይ በጉድጓዶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንዱ ጥግ 8፣ ሌላው ጥግ 35 ከሆነ፣ አማካዩን ወስዶ «ደህና ነው» ያለህን አትመን።

ስለ መስመጥ የሚለውን ምዕራፍ ዝለለው ያለህ ካለም አትስማው፤ ዋናው እሱ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በ1904 ተጀምሮ በ1934 ያለቀ የቤላስ አርቴስ ቤተ መንግሥት የሚባል ትልቅ የጥበብ ሕንፃ አለ። የድሮ ሐይቅ ሸክላ ላይ ነው የተሠራው። ወደ 4 ሜትር ገደማ ሰምጧል፤ ዛሬም ያገለግላል። የፒሳው ግንብ ደግሞ መሥራት የተጀመረው በ1173 ነው፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ አፈር ባንድ በኩል ይበልጥ ስለተቀመጠ ዓለም ያወቀው በመዝመሙ ነው። ከ1990 ጀምሮ ለጎብኚ ተዘግቶ እስከ 2001 ድረስ ሲታከም፣ ብዙ ዘዴ ተሞክሮ የሠራው ባልሰመጠው በኩል ከሥሩ አፈር ቀስ እያሉ ማውጣት ነበር።

ለአንተ ቤት መለኪያው ይህ ነው። በሁለት ኮለኖች መካከል ያለው የመስመጥ ልዩነት ለርቀታቸው ሲካፈል 1 ለ500 ካልደረሰ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ አይሰነጠቅም። 1 ለ300 ሲደርስ ስንጥቅ መታየት ይጀምራል። ኮለኖችህ 5 ሜትር ከተራራቁ፣ የመጀመሪያው 10 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የጣት ውፍረት ማለት ነው፤ ብዙ አይደለም። ሪፖርቱን የጻፈውን መሐንዲስ «ልዩነቱ ስንት ይሆናል?» በለው። ጠቅላላውን ብቻ ነግሮህ ዝም ካለ፣ እንደገና ጠይቀው።

ጥያቄ፦ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ የት ላድርግ? ክፍት ቦታ ያለኝ ከቤቱ በላይ፣ በተዳፋቱ በኩል ብቻ ነው። ከሥሩ የድጋፍ ግንብ አለ።

መልስ፦ እዚያ አይሆንም። በየቀኑ ውሃ እየቀዱ ከግንቡና ከመሠረቱ ኋላ መጨመር ነው። ክረምቱ ሲያልፍ እንኳ ተዳፋቱ አይደርቅም።

መጀመሪያ አፈሩ ውሃ ይጠጣ እንደሆነ ይወቁ። ከቤቱ በታች በኩል፣ ከተዳፋቱ ጠርዝ የራቀ ቦታ ፈልገው፣ ማስረጊያው በሚሆንበት ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ጉድጓድ ያውጡ። ውሃ ሞልተው ያሳድሯት፤ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ብዙ ስለሚጠጣ ያታልላል። በማግሥቱ እንደገና ሞልተው በሰዓት ስንት እንደሚወርድ በማስመሪያ ይለኩ። በሰዓት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ማስረጊያ የትም ቢያደርጉት ሞልቶ ይፈሳል፤ የሚያስፈልግዎት ውሃ የማያሳልፍ፣ በመኪና የሚመጠጥ ታንክ ነው። በደንብ ከወረደ ዝቃጩ የሚቀርበትን ታንክ ቤቱ አጠገብ አድርገው፣ ከታንኩ የሚወጣውን ውሃ በቱቦ በታችኛው በኩል ወዳለው ማስረጊያ ይውሰዱት። ታችኛው በኩል የሌላ ሰው ግቢ ከሆነ ደግሞ ሰውየውን ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ያነጋግሩት።